ሚጣና አንቀጽ 17

እናቴ ነገሩን ገና ስሙን ስትሰማ ጠላችው።

«ምን ክፍል ነው ያላችሁኝ?» አለች ረከቦቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ።

«ዜሮ ክፍል።»

«ዜሮ?»

«አዎ እማዬ። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ነው።»

«ልጂቱ ገና በሩን ሳትረግጥ፣ ማን ፈትኗት ነው ዜሮ የሰጧት?»

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ጠመኔ ይዤ ቆሜአለሁ፤ ለስንቱ የሰው ልጅ ዜሮ እንደሰጠሁም እግዜር ይቁጠረው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ከአንድም ወላጅ ቀርቦልኝ አያውቅም። እንደ አስተማሪ ማስረዳት ጀመርኩ። በ2002 ዓ.ም. መንግሥት ለሕፃናት ትምህርት ማዕቀፍ አወጣ፤ ለግል ትምህርት ቤት የሚከፍለው ለሌለው ወላጅ ልጅ በየመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ክፍል ይከፈት ጀመር፤ ስሙም «ኦ ክፍል» ተባለ። ኦ ፊደል ናት። ሕዝቡ ግን ክብነቷን አይቶ ነው መሰለኝ ዜሮ አላት፣ ዜሮ ሆና ቀረች። እናቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማችኝና «እንግዲያ ቤቷ ይሻላታል፤ እዚህ ማንም ዜሮ ብሏት አያውቅም» አለች።

ስሙን ልለውጥላት ሞከርኩ። «አፀደ ሕፃናት በይው በቃ» አልኳት። ይኼኛው ስም ከጀርመን የመጣ ነው። ፍሪድሪክ ፍሮበል የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1840 ለልጆች ማስተማሪያው «የልጆች የአትክልት ስፍራ» የሚል ስም አወጣለት፤ ልጅ ችግኝ ነው፣ አትክልተኛ እንጂ ገራፊ አያስፈልገውም ብሎ። የእኛ ሰዎች ቃሉን ሲያመጡት «አፀድ» አሉት፤ የሚያምር ትርጉም ነው። ችግሩ እናቴ አፀድ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ለእሷ አፀድ ማለት ጽድና ወይራ የሞላበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ለምዝገባ አብራን ሄዳ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው። አንድ ባሕር ዛፍ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ዥዋዥዌ፣ ክረምቱ ጥሎት የሄደ ጭቃ።

«አፀዱ የታለ?» አለች።

ልጃችን ሌላ ስም አላት፤ ቤት ውስጥ ግን ሚጣ ነው የምንላት። የተወለደችው በ2013 ነው። በ2014 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ ሲመጣና ከቤት ስንወጣ በእናቷ ጀርባ ላይ ነበረች፤ እናቴ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች የሕፃኗን እግር በእጇ ይዛ ነው የሄደችው። እግሩን ከለቀቀችው የምትወድቅ ይመስላት ነበር መሰል። ከዚያ ወዲህ ልጂቱን ከዓይኗ አርቃ አታውቅም። ስለዚህ የዜሮው ክርክር ስለ ዜሮ ብቻ እንዳልነበረ ገብቶኛል፤ እንዳልገባኝ ሆኜ ቁጥር ሳስረዳ ዋልኩ እንጂ።

ምዝገባው ራሱ የዋዛ አልነበረም። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ። ሚጣ ፎቶ ቤት ውስጥ «እንዳትንቀሳቀሺ» ስትባል ትንፋሿንም ጨምራ ስላቆመች፣ ጉርዱ ላይ ዓይኗ ፈጥጦ ፖሊስ የሚፈልጋት ሰው መስላለች። በእኔ ጊዜ ይኼ ሁሉ ወረቀት የለም። መዝጋቢው ያለው መሣሪያ አንድ ነው፤ የተመዝጋቢው ጆሮ። ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ የግራ ጆሮህን ከነካህ ለትምህርት ደርሰሃል፤ ካልነካህ የከርሞ ሰው ይበልህ። የስንቱ ኢትዮጵያዊ ዕድል በክንዱ ርዝመት ተወስኗል! እኔ አንድ ጣት ያህል ጎደለኝ። አንገቴን ሰበር አድርጌ ጆሮዬን ወደ እጄ ለማስጠጋት ስሞክር መዝጋቢው «ቀጥ በል አንተ!» ብሎ ጮኸና ወደ ቤቴ ሰደደኝ። ያን ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ወደ ላይ ስስብ ከረምኩ።

እናቴ ይህን አልረሳችውም። የሚጣ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው እያሉ መዝጋቢዋን «ጆሮዋን አትለኳትም?» ብላ ጠየቀቻት።

«አይ እማማ፣ ድሮ ቀርቷል። የልደት ምስክር ወረቀቱ ይበቃል።»

«ወረቀት ምን ያውቃል?» አለችና ሚጣን መሐል ቢሮ አቁማ እጇን በአናቷ ላይ አሳለፈችው። ሚጣ ጆሮዋን ነካች፤ ነክታም አልቀረች፣ ጎተተችው ጭምር። እናቴ ዞር ብላ በኩራት አየችኝና «በሉ አሁን መዝግቧት» አለች። ከእኔ ጋር የነበራትን የቆየ ሒሳብ ያን ጊዜ የዘጋች ይመስለኛል።

እጄ ከጆሮዬ ያልደረሰ ጊዜ የገባሁት የኔታ ዘንድ ነበር። የየኔታ ክፍል ዜሮም አንድም አይባልም፤ ዛፍ ነበር። ፊደል ገበታችንን በስንጥር እየጠቆምን ሀ ሁ ሂ እያልን በዜማ መጮኽ ነው፤ የኔታ ሲያንቀላፉ ድምፃችን ይወርዳል፣ ሲነቁ ይወጣል። ጎረቤታችን ያሉት እስላም ልጆች ደግሞ ሉሓቸውን ይዘው ቁርአን ቤት ይሄዳሉ። አሊፍ፣ ባ፣ ታ፤ ጥቀርሻ በተበጠበጠበት ቀለም የተጻፈውን ያጠኑና ሲያውቁት አጥበው ሌላ ይጽፉበታል። እነዚህ ሁለቱ ናቸው የአገራችን አፀደ ሕፃናት፤ ፍሮበል ከመወለዱ በፊትም ነበሩ። የጎረቤታችን የልጅ ልጅ፣ ማሙሽ፣ ዘንድሮ ከሚጣ ጋር ዜሮ ክፍል ሲገባ አንድ ዓመት ቁርአን ቤት የቆየ አርበኛ ነው። ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ አካሄዱ እንደ ተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ እንጂ እንደ ጀማሪ አልነበረም።

ባለቤቴ ሥራዋ ደሴ ነው፤ ገና ሳይነጋ ሚኒባስ ትሳፈራለች። የእኔ ፈረቃ ከሰዓት ስለሆነ ሚጣን የማስገባቱ ነገር በእኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ። እኔም እንደ ታሪክ ሰው፣ ነገሩ በድርድር ይለቅ ብዬ ወሰንኩ። ክረምቱን ሙሉ «መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ» እያልን ስናለማምዳት ስለከረምን በመሠረተ ሐሳቡ ላይ ጠብ አልነበረንም። ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር።

«አንተ መቼ ትመጣለህ?»

«ቶሎ።»

«ቶሎ መቼ ነው?»

ስድስት ሰዓት ብላት አይገባትም፤ ሰዓት አታውቅም። ነገር ግን ሚጣ ያደገችው በእናቴ ረከቦት ሥር ነው። የቀኑን አካሄድ የምታውቀው በቡና ነው፤ አቦል ሲቀዳ ጠዋት ነው፣ ቶና ሲቀዳ ፀሐይ ከደጃፉ ገብታለች፣ በረካ ሲቀዳ ጎረቤቶች ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ዓለም ላይ በሦስት የሚከፈል ቀን ያለው የእሷ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«በረካ ሳይቀዳ እመጣለሁ» አልኳት።

«ከቶና በኋላ?»

«ከቶና በኋላ፣ ከበረካ በፊት።»

እጇን ዘረጋችልኝ፤ ተጨባበጥን። እናቴ ምስክር ሆነች። ያኔ ነው አንዳች ነገር ቆንጠጥ ያደረገኝ። ምክንያቱም እኔ በየዓመቱ ስለ ውል የማስተምር ሰው ነኝ፤ ያውም ስለዚሁ አካባቢ ውል። ውጫሌ ከእኛ ብዙ አይርቅም፣ ወደ ወልድያ ስትሄድ መንገድ ላይ ነው፤ እናቴ የአምባሰል ልጅ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ምኒልክና የኢጣልያው ኮንት አንቶኔሊ ሃያ አንቀጽ ያለውን የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። የቀሩትን አንቀጾች ዛሬ ማን ያስታውሳል? አንቀጽ 17 ግን አለች። አማርኛው፣ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ጉዳይ ሲኖራቸው በኢጣልያ በኩል መላላክ ይቻላቸዋል አለ፤ ጣልያንኛው የሚቻለውን ነገር ግዴታ አደረገው። በአንዲት ግስ አገርና አገር ተጣላ፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ነገሩ አድዋ ላይ ተፈታ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይኼንን ነው፤ ልጆች፣ ውል ስትዋዋሉ ግሱን እዩ።

እኔ ግን በረካን አየሁ። አደጋው ከበረካ የሚመጣ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ስለ በረካ ሳስብ አደርኩ።

በማግሥቱ በባጃጅ ሄድን። እኔ፣ እናቴ፣ ሚጣ፣ የማሙሽ አያት፣ ማሙሽ፣ ሁለት ቦርሳ፣ ሁለት ምሳ ዕቃ፣ ሁለት ኮዳ። ነጂው «ሰው የምትድሩ ነው የምትመስሉት» አለን። መንገዱ ዳር አደይ አበባ ፈክቷል፤ ወደታች ሐይቁ እንደ መስተዋት ተዘርግቷል። ከሐይቁ ውስጥ ደግሞ ያ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የመሬት ምላስ።

ይህች ከተማ አዲስ ተማሪ መቀበል ዛሬ የጀመራት አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው እዚያ ገዳም ውስጥ ማስተማር ሲጀምሩ ቦታው ገና ደሴት ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነበሩ። ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም፤ እስከ ዛሬም አትገባም። እንግዲህ አስቡት፤ ልጇን እስከ ውኃው ዳር ሸኝታ፣ ታንኳው ሲርቅ ወዲህ ማዶ ቆማ የቀረች እናት ስንት ትሆናለች? የሊቃውንቱ ገድል ተጽፏል። የእነዚያ እናቶች ግን፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ አንድ ቅጠል ብራና አልወጣላቸውም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ለቅሶው ተጀምሯል። ያስጀመረው አንድ ልጅ ነው፤ ዝግ ብሎ፣ በትዝታ። አጠገቡ ያለው በባቲ ተቀበለው። የአባቷን እግር ተጠምጥማ የያዘች አንዲት ትንሽ ልጅ አንቺ ሆዬን ከፍ አድርጋ አነሣችው። አራቱ ቅኝት ሊሞላ አምባሰል ብቻ ቀረ። አምባሰል ደግሞ ስሙን ያገኘው እዚሁ ከጎናችን ካለው ተራራ ነውና የእኛ ንብረት ነው፤ ሚጣ ትወጣዋለች ብዬ በሥጋት ጠበቅሁ። የአገሩ ሰው ስለ ሐይቁ አመጣጥ ሲያወራ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በልዕልት ተበደለችና እግዜር ተቆጥቶ ዙሪያዋን ያለውን መሬት ውኃ አደረገው፤ የተረፈው እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ነው ይላል። ያን ጠዋት በር ላይ «ተበደልኩ» የሚለውን ሕፃን ብዛት ሳይ፣ ከተማዋ እስከ ምሳ ሰዓት ሁለተኛ ሐይቅ ሳይጨመርባት አይቀርም ብዬ ነበር።

ሚጣ ግን አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አስተካከለች፣ የማሙሽን እጅ ያዘች፣ ወደ እኔ ዞር አለችና፦

«አባዬ፣ ሂድ እንጂ! ቡናው ይፈላል።»

ከፋኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከፋኝ። ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምሬ ለማባበያ የሚሆን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ያለው። ከረሜላም በኪሴ ነበር። መምህርቷ ለሁላችንም «ልጆቹ ሳያዩአችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ» ስትል እናቴ «እኔ ሌባ ነኝ?» ብላ ተቆጣች። ሄዳ ሚጣን ግንባሯን ሳመቻት፣ እግሯንም ጎንበስ ብላ በእጇ ነካ አደረገችው፣ ከዚያ ቀና ብላ «እኔ ጀበናዬን ልጣድ፤ ውሉ በእኔ እጅ ነው» አለችና ከማሙሽ አያት ጋር ተያይዘው ወጡ።

እኔ አልሄድኩም። የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት በጥንቱ ቤተ መንግሥት «ዓቃቤ ሰዓት» ይባሉ ነበር፤ ሰዓት ጠባቂ እንደማለት ነው፤ ንጉሡ ዘንድ ከሚቀርቡት ትልልቅ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ያን ቀን ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ማዕረጉን እኔ ያዝኩት። የቆርቆሮው አጥር ላይ ምስማር የወጣበት ቀዳዳ አለ፤ አንድ ዓይን ያስገባል። እዚያ ተገተርኩ።

«መምህር» አለኝ ጥበቃው ከኋላዬ፣ «ምን ጠፋህ?»

«ልጄን እያየሁ ነው።»

«እሷ መቼ ጠፋች?» አለና ሳቀ። ቆየት ብሎ የራሱን በርጩማ አምጥቶ «ተቀመጥበት፤ በየዓመቱ አንድ ሁለት አባት አይጠፋም» አለኝ። «እናቶችስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እናቶች አልቅሰው ይሄዳሉ። የማያለቅሱት ናቸው የሚያስቸግሩን» አለ።

በቀዳዳው ያየሁትን ልንገራችሁ። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ ሀ ጻፈችና «ሀ በሉ» አለች። ክፍሉ «ሀ!» አለ። ማሙሽ ግን በሉሑ ያጠና የቁርአን ቤት ልጅ ነው፤ ትምህርት ዝም ተብሎ ተቀምጦ የሚሆን አይመስለውም። «ሀ» ሲል ወደፊት ሄደ፣ «ሁ» ሲል ወደኋላ ተመለሰ። አጠገቡ ሚጣ ነበረች፤ አየችውና ተከተለችው። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ተቀበለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዜሮ ክፍል በሙሉ ነፋስ እንደ መታው የጤፍ ማሳ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዝ ጀመር። መምህርቷ መጀመሪያ ልትከለክል እጇን አነሣች፤ ከዚያ ያ ሁሉ ለቅሶ ቀጥ ማለቱን ልብ አለች መሰለኝ፣ እጇን መልሳ እሷም በትንሹ መወዛወዝ ጀመረች። ፍሮበል ይህን ቢያይ ምን እንደሚል አላውቅም። የኔታ ግን ደስ ይላቸው ነበር።

እቤት ደግሞ ሌላ ትግል ነበር። እናቴ ውሉን ለማክበር ብላ ከቶና በኋላ ጀበናውን አስቀምጣ በረካን አልቀዳም አለች። ቶና የተጠጣው አራት ሰዓት ላይ ነው። የተጠሩት ጎረቤቶች በባህላችን በረካ ሳይጠጡ መነሣት ነውር ሆነባቸው፤ ለመቀመጥም ሥራ አላቸው። አንዷ ወጥ ጥዳ ነው የመጣችው። «ኧረ ስለ አላህ፣ ቅጅልንና እንሂድ» ብትል፣ እናቴ «የልጅ ቃል ነው፤ አልቀዳም» አለች። «አብሽሪ፣ እንጠብቃለን» አለች የማሙሽ አያት፤ እሷም የራሷ የልጅ ልጅ እዚያው ነውና። ሁለት ሰዓት ሙሉ ባዶ ሲኒ ይዘው ተቀመጡ። የአንዷ ወጥ አርሯል።

በስድስት ሰዓት ሚጣ ስትወጣ ጫማዋ ግራና ቀኙ ተቀይሯል። «ምን ተማራችሁ?» አልኳት።

«ተሰልፈን ሽንት ቤት ሄድን።»

«ከዚያስ?»

«ተሰልፈን ተመለስን።»

«ሌላስ?»

«ማሙሽ ቆሎውን ሰጠኝ፣ እኔ ፍርፍሬን ሰጠሁት። ከዚያ ደወለ።»

ስለ ሀ ሁ አንድም ቃል የለም። ባጃጁ ውስጥ ግን ሳታውቀው ወደፊትና ወደኋላ ትል ነበር።

በረካው ሲቀዳ ውኃ ሆኗል። ማንም ግድ አልሰጠው። ሚጣ ከደጅ ብቅ ስትል እናቴ እልል አለች፤ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። ፈንዲሻ ተበተነ። የማሙሽ አያት እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች፤ ሌሎቹ አሚን አሉ። ከዚያ በየተራ ተቀበሏት። ትልቅ ሰው ሁኚ፣ እደጊ ተመንደጊ፣ ለወገን የምትተርፊ ያድርግሽ፤ እያንዳንዷ መርቃ ስማ፣ ስማ መርቃ። ሚጣ መሐል ቆማ ምርቃቱን ስትቀበል ፊቷ ላይ አንድ የተለየ ክብር አየሁ። ከድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ማታ ባለቤቴ ከደሴ ስትመለስ ሚጣ ቦርሳዋን ምስማር ላይ አሰቅላ ጨርሳለች። እርሳሷን ለጎረቤት ሕፃን ሰጥታዋለች። «ለምን ሰጠሽው?» ስትባል «አሁን እሱ ይማር» አለች። ደግ ልጅ አሳደግን ብለን ተያየን።

በማግሥቱ ጠዋት ቀሰቀስኳት።

«ተነሺ ሚጣ፣ ትምህርት ቤት።»

አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ሄጃለሁ እኮ።»

«ዛሬም ነው የምትሄጂው።»

«አባዬ፣» አለች፣ አሁን ሁለቱንም ዓይኗን ገልጣ፣ እንደማይገባው ሰው እያየችኝ፣ «ትናንት ሄድኩ። ተመረቅሁም።»

ያኔ ነው መብረቅ የወደቀብኝ። ባለፈው ሐምሌ ታናሽ እህቴ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ሚጣ እዚያው ነበረች። እልልታ፣ ፈንዲሻ፣ ቡና፣ መሳሳም፣ «ምርቃት ነው» መባል። ትናንት ለእሷ የተደረገላትም ያው ነው፤ እልልታ፣ ፈንዲሻ፣ ቡና፣ መሳሳም፣ ምርቃት። አንድ ቃል የጎደለ የለም። የአክስቷ አራት ዓመት ፈጀ፣ የእሷ ግማሽ ቀን፤ ጎበዝ ስለሆነች ነዋ።

ከዚያ ደግሞ ግሱ። «ትሄጃለሽ» አልናት ክረምቱን ሙሉ። «ደሴ ትሄጃለሽ» ብለናት ደሴ ሄዳ ተመልሳለች። «ግሸን ትሄጃለሽ» ብላት እናቴ፣ መስከረም 21 ሄዳ፣ ተሳልማ፣ ተመልሳለች። ማንም በማግሥቱ ቀስቅሶ «ተነሺ፣ ግሸን» ያላት የለም። አንድ ቀን መሄድም ትሄጃለሽ ነው፤ ዕድሜ ልክ መመላለስም ትሄጃለሽ ነው፤ አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ግስ ጠቅልሎ ይዟቸዋል። አንቶኔሊ ሁለት ቋንቋ አስፈልጎት ነበር። እኔ በአንዱ ብቻ ሠራሁት፤ ያውም ከውጫሌ በሰፈር ርቀት፣ ያውም አሥራ አራት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ።

«በየቀኑ ነው የሚኬደው» አልኳት።

«እንደዚያ አላልከኝም።»

«እውነቷን ነው፣ አላላችኋትም» አለች እናቴ ከማዶ ክፍል። የምኒልክ ሚስት ጣይቱ ከጎኗ የቆመችላት ያህል ሚጣ ቀና አለች። «በረካ ሳይቀዳ እመጣለሁ አልክ፤ መጣህ፤ ልጂቱም ሄደች። ከዚህ ሌላ የተባለ የለም። ምስክር ነኝ።»

«እማዬ እባክሽ፣ እያገዝሽኝ ነው?»

«እኔ ውሉን ነው የማግዘው።»

ሰዓቱ እየሄደ ነው። ማሙሽ ቦርሳውን አዝሎ ደጅ ቆሟል፤ ቁርአን ቤት ዓመቱን ሙሉ ስለተመላለሰ እሱ ነገሩን ያውቀዋል፤ ሚጣን በሐዘኔታ ያያታል። እርሳሱን ከጎረቤት ሕፃን ለማስመለስ የተደረገውን አልተርክም፤ አላማረም።

ሚጣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ከዚያ እንደ ተደራዳሪ ጠየቀችኝ።

«እስከ መቼ ነው የሚኬደው?»

በልቤ ደመርኩ። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ክፍል፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ዓመት እንደ አክስቷ። ልጂቱ ያላት ዕድሜ አምስት ዓመት ነው፤ ከሦስት እጥፉ በላይ ልንገራት? አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ባለቤቴ ደሴ ናት። እናቴ ደፍ ላይ ቆማ የጠዋቱን ቡና እየቆላች ነው፤ ጭሱ ክፍሉን ሞልቶታል። ፊቴን አይታ መሰለኝ አዘነችልኝ፤ ውሉን ትታ እኔን አገዘች።

«እስክትጨርሺ ነው እናቴ» አለቻት።

ሚጣ ይህን በጥንቃቄ አመዛዘነችው። ከአልጋው ወረደች፣ ጫማዋን ግራውን በቀኝ አጠለቀች፣ ቦርሳዋን ከምስማሩ እንዳወርድላት በእጇ አሳየችኝ።

«እሺ» አለች። «ዛሬ ቶሎ እጨርሰዋለሁ።»

ከማሙሽ ጋር ተያይዛ ከፊቴ ወጣች። እናቴ አየችኝ፣ እኔም እናቴን አየኋት፤ ማንም አላረማት።